የአጎቴ ምንሽር በለቅሶው ቀን

ጠመንጃዋን ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው የገዛኋት በመልኳ ተሸንፌ ነው። ሰደፏ ወይራ የመሰለ ጥቁር እንጨት፣ ማንገቻዋ ቆዳ፣ ማቀባበያዋ የሚያብለጨልጭ፤ አያቶቻችን ይዘውት ፎቶ ይነሡ የነበረው ምንሽር ቁርጥ። ብቻ ምንሽር አይደለችም። ሆዷ ባሩድ የሚባል ነገር አያውቅም። ያለው ወፍራም የብረት ሞላ ነው፤ ሞላው አየር ይገፋል፣ አየሩ እርሳሷን ይገፋል። ያ የሚያብለጨልጭ ማቀባበያ ለዓይን የተበየደ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። ለመተኮስ አፈሙዟን ጨብጠህ ወደ ታች ትሰብራታለህ፣ ወገቧ ላይ እጥፍ ትላለች፣ ምስር የምታህል እርሳስ ታጎርሳታለህ፣ መልሰህ ታቃናታለህ። ሞላው ከመጠንከሩ የተነሣ እኔ በቦርጬ ጭምር ነበር የምጫናት። ይህ ሁሉ ድካም አልቆ ቃታውን ስትስብ «ጥፍ» ትላለች፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ሲያስነጥስ ከዚያ ይበልጣል።

የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ አቁሜ ሞከርኳት። ቆርቆሮው ዛሬም ደኅና ነው። ወደ ግራ ትስታለች ብዬ ወደ ቀኝ ባነጣጥር፣ ወደ ቀኝ ሳተች። ያም ሆኖ ወደድኳት፤ ምን ይደረግ፣ ልብ አንዴ ከወደደ ሥራ አይጠይቅም። ሚስቴ ግን አልወደደቻትም። «በዚህ ዘመን ይችን ይዘህ ጎንደር ውስጥ ብትገኝ፣ መጫወቻ ናት ብለህ የምታስረዳው ለማን ነው? ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ» አለችኝ። ከሁለቱ የትኛዋ ትውጣ ብዬ ትንሽ ማሰቤን እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

ፍራሽ ውስጥ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኜ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ወዳለው አጎቴ ዘንድ ወሰድኳት። ገብሱን ከወፍ ይጠብቅባት ብዬ ነው።

አጎቴን አያ ነው የምለው። አያ ዕድሜውን ሙሉ ስለ አባቱ ምንሽር ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ምንሽሯ ተደብቃለች፣ ቀኗ ሲደርስ ትወጣለች ይላል፤ የት እንደተደበቀች ግን ሚስቱም አታውቅም። የመንደሩ ሰው «ዛሬም አልወጣችም?» እያለ ሲያሾፍበት ኖሯል። ፍራሹን ስፈታ አያ ጠመንጃዋን አያት። ከዚያ አነሣት፣ አነገታት፣ ሄዶ በሩን ዘጋ። «ይህን ሞላ ምናምን የምትለውን ለማንም እንዳትተነፍስ» አለኝ።

በማግስቱ አንግቷት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ታየ። «ወጣች?» አሉት። «ወጣች» አለ። ገበያ፣ ሰርግ፣ ሽምግልና፤ ያለ እሷ የሚሄድበት ጠፋ። ሰውም ለካስ ምንሽሯ የእውነት ኖራለች ብሎ፣ አያ ሲመጣ ከመቀመጫው ይነሣለት ጀመር። ማንንም አያስነካትም። ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻ እርሻው ዳር ቁጭ ብሎ ወፎቹ ላይ ይተኩሳል። ወፎቹ «ጥፍ» ስትል ቀና ይሉና ወደ ገብሳቸው ይመለሳሉ።

አያ የሞተ ቀን አክስቴ ደወለችልኝ። ለቅሶዋን እንኳ ሳትጨርስ «ቶሎ ድረስ» አለች። በእኛ አገር የወንድ ለቅሶ ሲሆን የሟቹ ጠመንጃ አፈሙዟ ወደ መሬት ተዘቅዝቃ በለቅሶተኛው መሃል ትዞራለች። «ሌላ ሰው ከነካት አለቀልን። አፈሩ ሳይደርቅ ነው በስሙ የሚስቁበት። አንተው ራስህ ያዛት፤ ማንም በቅርብ እንዳያያት» አለችኝ። ባሏ ሄዷል፤ የቀራት ስሙ ነበር፣ እሱን ነው አደራ ያለችኝ።

ያዝኳት፣ ዘቀዘቅኳት፣ ፈጠን እያልኩ ዞርኩ። ሁለተኛውን ዙር ስጀምር ክላሽ ያነገቱ አንድ ሽማግሌ መንገዴን ዘጉ። የአያ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ በምንሽሯም ከሁሉ በላይ ያሾፉበት የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«ምንሽሯማ ዝም ብላ አትሸኘውም። አንዴ ትጩህለት» አሉ።

«ጥይት የላትም አባቴ። የምንሽር ጥይት ከጠፋ ስንት ዘመኑ» አልኳቸው። ሸጋ መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አውጥተው ፈቱ። አሮጌ ጥይት ናት። «የአባቴ ናት። አጉል ሳሾፍበት ኖሬ አሳፈረኝ፤ ዛሬ ልካሰው» አሉ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይህ ነው። ዞር ብዬ አክስቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ደርቃ ቀርታለች።

ሽማግሌው ጠመንጃዋን ከእጄ ወስደው ማቀባበያውን ሳቡ። እምቢ አለ። ደግመው ሳቡ። «ዝጋለች» አልኩ። «ዝገትማ ጉልበት ነው የሚፈልገው» ብለው ሰደፏን መሬት ላይ ተከሉና፣ አፈሙዟን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተጫኑ። ጠመንጃዋ ወገቧ ላይ እጥፍ አለች።

«ሰበሯት!» አለ ድንኳኑ ባንድ አፍ።

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። የሟች ጠመንጃ፣ ያውም የአባቱን፣ በለቅሶው ቀን በሰው ፊት መስበር ቀላል ነውር አይደለም። «ምነው እጄን በቆረጠው» ይላሉ ደጋግመው። አሳዘኑኝ፤ ግን ምን ልዋሽ፣ ደስም አለኝ። ተሰብራ ከቀረች ጉዱ ሁሉ አብሮ ይቀበራል። አክስቴም በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። ሽማግሌው ግን ጥፋታቸውን ሊያቃኑ ብለው አፈሙዟን ወደ ላይ መለሱት። ቀጭ ብላ ገጠመች። ገርሟቸው ወዲያ ወዲህ ሲያገላብጧት ጣታቸው ቃታው ላይ አረፈ።

«ጥፍ።»

አያ አጉርሷት የተዋት እርሳስ ኖራለች። የድንኳኑን ሸራ እንኳ አልበሳችም፤ ነጥራ ተመለሰችና የአንድ ቄስ ጥምጣም ላይ ወደቀች። ቄሱ አንሥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት፣ ሰው ሁሉ ያቺን የምስር ፍሬ አየ። ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ወጣቶቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ትከሻቸው ይርገፈገፋል፤ አንድ ሰው ከጀመረ ድንኳኑ በሳቅ ይፈርሳል። አክስቴ አንገቷን ደፍታለች። የገዛሁበትን ቀን ረገምኩ።

ያን ጊዜ ሙሾ አውራጇ ብድግ አለች። እርሻዋ ከአያ እርሻ ጋር ይዋሰናል፤ ሁለት ወንዶች ልጆቿን በጥይት አጥታ የቀበረች ሴት ናት። ጠመንጃዋን አየት አደረገችና ደረቷን እየመታች አወረደችው፦

ስንት ጠመንጃ አየሁ እናት ያስለቀሰ፣
ያንተስ የወፍ እንኳን ደም አላፈሰሰ።

የሚስቅ ጠፋ። ከዚህም ከዚያም ልጅ የቀበሩ ሴቶች ድምፅ ተነሣ፤ ለቅሶው ለአያ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው የራሳቸውን ክላሽ ከትከሻቸው አውርደው አጥሩ ላይ አስደገፉት፤ የአያን ግን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱልኝ። እኔ በልብሴ ሸፍኜ ወደ ቤት ላስገባት ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ። «አንዴ አዙርልኝ። ቀስ ብለህ፣ ሁሉም በደንብ ይያት።»