ደምሴ ይሻላል ወይስ ሙሉቀን

ዐይን አፋር ነኝ፤ ኳስ ሜዳ ላይ ግን አፌ አያርፍም። የሞጣው ትምህርት ቤታችን ቡድን ለግጥሚያ ወደ ቢቸና ሲሄድ እኔም በጭነት መኪናው ላይ ተሳፍሬ ሄድሁ። የመሐል ተጫዋቻችን ሙሉቀን ኳሷን ሲያበላሻት፣ «አንተ ድንዝዝ!» ብዬ ጮኽሁ።

አጠገቤ ጥላ ይዘው የቆሙ እናት ዞር ብለው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ የሰው ልጅ እንዲህ ይሰደባል?»

እናቱ መሆናቸው ነው ብዬ ደነገጥሁ።

«ይቅርታ እማማ፣ ሙሉቀን ጎበዝ ነው እኮ!»

«ከእሱ በፊት ከነበረው ከደምሴስ ይሻላል?»

እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ደምሴ ኳስ የሚያቀብል ሰው ሞጣ አይታ አታውቅም። ወታደር ሆኖ ወደ ኦጋዴን የሄደ ዕለት ተደብቄ አልቅሻለሁ። ግን የእናት አንጀት እንዴት ላሳርር?

«ደምሴ? ኳስ ለሰው የማይሰጥ ስስታም! እንኳንም ሄደልን!»

ሴትዮዋ ጥላቸውን አጣጠፉ።

«ደምሴ የኔ ልጅ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሞጣ ዘመድ ቤት ሆኖ ነበር የተማረው። ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ አልላከልኝም። የሞጣ ልጆች መጡ ሲሉኝ፣ ስሙን በደግ የሚያነሣልኝ ባገኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»