ልጇን መልሳ ያሳሰረችው ባቴሪ

ባቴሪ ስትወለድ አባቷ አራተኛ ሴት ልጅ መምጣቷን ሰምቶ «በቃ!» አለ። በህንድ፣ በሃሪያና መንደሮች ባቴሪ ማለት ይኸው ነው፤ በቃ። ለስሙ ግን አልተበገረችም። አግብታ፣ ስንዴ አጭዳ፣ የቤት ጎሿን አልባ፣ ባሏ ሲሞት አስከሬኑን ለእሳት ሰጥታ፣ አንድ ልጇን ሶምቢርን ብቻዋን አሳደገች።

ሶምቢር ቁጡ ነበር። ጎረቤታቸው ራጅፓል ያለተራው የመስኖውን ውሃ ወደ ማሳው ሲመልስ ቢያየው መጥረቢያ ይዞ ሄደ። ባቴሪ ከሸንኮራው መሃል ጩኸት ሰምታ ስትደርስ የራጅፓል አንገት እስከ ትከሻው ተከፍቶ፣ ውሃው ደሙን እየገፋ ወደ እሷ ስንዴ ይወርድ ነበር። ሶምቢር ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጠበቃው «በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ የሟች ቤተሰብ ካልተቃወመ ይቀላል» አላት። ባቴሪ ሄዳ የራጅፓል ሚስት የሳንትሮ እግር ላይ ወድቃ ሻሿን ለልመና ጣለች።

«ሳንትሮ፣ የልጄ ቁጣ በርዷል። አናጢነት ተምሯል። ለእኔ ስትይ።»

«እትዬ፣ ያንቺው በበር ይገባል። የእኔው በየት በኩል ይምጣ?»

ባቴሪ ከእግሯ ሥር አልተነሳችም። በመጨረሻ ሳንትሮ «ተነሺ በቃ፣ አልቃወምም። ደጄ እንዳይደርስ ብቻ» አለች።

ሶምቢር ወጣ። መጀመሪያ ሰሞን በግ ሆነ። ቂጣውን በአሬራ በልቶ የጎረቤት አልጋ ሲጠግን ይውላል። ባቴሪም «አላልኳችሁም?» እያለች መንደሩን ዞረች። ከዚያ የድሮ ጓደኞቹ አረቄ ይዘው መጡ። «አንበሳው ተመለሰ! ራጅፓል ከሞት ቢነሳ ራሱ ይሮጣል!» እያሉ ይንከተከታሉ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ባቴሪ ሳቁን ከሰማች ወዲህ መንደሩን መዞር ተወች።

አንድ ጠዋት ሳንትሮ ተራዋ ደርሶ ውሃ ልትለቅ ቦዩ ዳር ቆማለች። ሶምቢር ስካሩ ሳይለቀው በዚያ አለፈ።

«ፊትሽን ሸፍኚ፤ ወንድ እያለፈ ነው።»

«ወንዱንማ አንተ ገደልከው» አለችው።

አካፋዋን ነጥቆ በእጀታው ጥርሷን አረገፈው። ወደቀች። በጸጉሯ ጭቃው ውስጥ እየጎተተ ዓይኗ ላይ መታት፤ ደገመው። ባቴሪ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ስትደርስ ሳንትሮ መጮህ ትታለች። አካፋው ሳሩ ላይ ወድቆ፣ ልጇ በሁለት እጁ የሴትዮዋን አንገት ውሃ ውስጥ ደፍቆ ይዟል።

«ሶምቢር! ተው! ተው አልኩህ!»

ዞር ብሎም አላያት። ባቴሪ አካፋውን አንስታ ጉልበቱን በጎን ስትመታው አጥንቱ ቋ ሲል ሰማች። ተገለበጠ። ሊነሳ ሲል ትከሻውን ደገመችው።

«እማዬ! ልጅሽ እኮ ነኝ!»

«ነህ እንጂ! የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ጎረቤት እጣራ ነበር» አለችና ሠለሰችው።

ሰው ሲደርስ ሳንትሮን ደረቷ ላይ አስደግፋ ከአፏ ውሃና ደም ታስተፋት ነበር። ሳንትሮ ተረፈች፤ አንድ ዓይኗ ግን ጠፋ። ሶምቢር እያነከሰ ወደ ወህኒ ተመለሰ።

መንደሩ «ልጇን የበላች ድመት» አላት። ሳንትሮም አላመሰገነቻትም። ባቴሪ ልትጠይቃት ብትሄድ «ያኔ እግሬ ላይ ባትወድቂ ኖሮ ዓይኔ አይጠፋም ነበር» ብላ በሩን ዘጋችባት። እውነቷን ነው፣ አለች ባቴሪ በልቧ፣ ስትመለስ።

ዓመታት አልፈው የአመክሮው ነገር እንደገና ተነሳ። ፖሊስ ቃሏን ሊጽፍ ቤቷ መጣ።

«እማማ፣ አርጅተዋል። ቢፈታ ይጦርዎታል። ደግሞ አንካሳ ሆኗል፣ ማንን ይጎዳል?»

«እጁ አያነክስም።»

«እናት አይደሉም እንዴ?»

«ያኔ ይውጣ ያልኩት እናት ስለሆንኩ ነው። ጻፍ፤ አይውጣ።»

ወህኒ ቤት መመላለሷን ግን አልተወችም። በቅቤ የተለወሰ ጣፋጭ ይዛ ትሄዳለች፤ እሱ ላገኛት አልወጣም እያለ ብዙ ጊዜ መለሳት። አንድ ቀን እያነከሰ መጥቶ ፍርግርጉ ጋ ቆመ።

«አይፈታ ያልሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

እጁን በፍርግርጉ አሾለከ። ከዚያ ጣፋጩን ተቀብሎ ቆሞ በላ። «ጎሿ ወለደች?» አላት። ወልዳለች አለችው፤ ዘበኛው ሰዓት አልቋል እስኪል ድረስ ስለ ጥጃዋ አወሩ።