ማሽኑ ያልቀመሰው ቡና

የተሞላ ጥርስ የሚፈርሰው ሙሌቱ ርካሽ ስለሆነ ነው ይባላል። አይደለም። ነቀምቴ ውስጥ የኖርኩት ሙሌት ስፈትን ነው፤ በጣም ውዶቹ ሲፈርሱ አይቻለሁ።

ከጎጃም ወደ ጥርስ ሐኪም ቤቱ ተመድቤ የመጣሁ ዕለት አለቃዬ ዶክተር ሌንሳ አንድ ብልቃጥ አስታቀፈችኝ። ውስጡ በጨው ውሃ የተቀመጡ የተነቀሉ ጥርሶች ነበሩ። «ያልተሰነጠቁትን ልቀም» አለችኝ። ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት ብዬ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው ተቀመጥኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ጥርሱን እንቦረቡራለን፣ እንሞላለን፣ ነጭ ሙሌት ከሆነ በሰማያዊ መብራት እናጠነክራለን። ከዚያ ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ ውስጥ እያፈራረቅን እንነክረዋለን። ቀጥሎ ለማሽኑ እንሰጠዋለን፤ የብረት ክንዱ ሳይታክት ይጫነዋል። ስሙን «ኦቦ አላማጭ» ብለነዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ሳያወራ የሚያላምጥ እሱ ብቻ ነበር። ሲጨርስ ጥርሱን ቀለም ውስጥ ዘፍዝፈን እንሰነጥቀዋለን። ቀለሙ በሙሌቱ ጠርዝ ሰርጎ ከገባ፣ ሙሌቱ ወድቋል።

አንድ ነጭ ሙሌት ኦቦ አላማጭን በክብር አለፈ። ዶክተር ሌንሳም ለአዴ ጫልቱ ሞላችላቸው። አዴ ጫልቱ እዚሁ ነቀምቴ አጠገብ ያለችው የጉቴ ሴት ናቸው፤ የሚያኝኩባት አንዲት የታች መንጋጋ ጥርስ ብቻ ቀርታቸዋለች። ሙሌቱ ፈረሰ። ደግማ ሞላች። ፈረሰ።

«አሁንማ የጥርሱ ግድግዳም እያለቀ ነው» አለች ዶክተር ሌንሳ። «አንዴ ከደገመ እነቅለዋለሁ።»

«ልጄን ልድር ነው እኮ! አማቾቼ ፊት ገንፎ ልላስ?»

«ለመሆኑ ምን እየበሉ ነው?» አልኩ እኔ።

«ለስላሳ ብቻ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። እንዳላችሁኝ። ሙዝ። ገንፎ። ቅቤ።»

«ቅቤ ብቻውን?»

«ብቻውንማ ማን ይበላል? ከቡና ጋር ነው እንጂ።»

ቡና ቀላ ማለታቸው ነው፤ ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ በትኩሱ የሚታኘክ ቡና። ዶክተር ሌንሳን አየኋት። የነቀምቴ ልጅ ናት። መሳቢያዋ ውስጥ ይህንኑ ቡና በቆርቆሮ አስቀምጣለች፤ እኔም ባለፍኩ ቁጥር እዘግናለሁ። እኛ ቡና እያኘክን ኦቦ አላማጭን ውሃ ስናጠጣው ኖረናል።

ቆርቆሮውን አወጣች። ቡናውን ከነቅቤው አሙቀን ከማሽኑ ክንድ ሥር አኖርነው። ያ የተከበረ ነጭ ሙሌት ጠርዙ ተሸረፈ። በሌላ ጥርስ ደገምነው፤ ያው ነው። የድሮ ሰው ሙሌት ብለን የተውነው ግራጫው ብረት ግን ቅቤ እንደተቀባ ሙሽራ ንቅንቅ ሳይል ተቀመጠ።

«ግራጫ?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ሰርጉ ላይ እስቃለሁ እኮ!»

«አፍዎን ገጠም አድርገው ይሳቁ» አለች ዶክተር ሌንሳ።

«እሱን ላንቺ ሰርግ አቆየዋለሁ፤ እስካሁን ካልቀረ።»

ግራጫውን አስሞልተው ሄዱ። ከሰርጉ ሰንበት ብለው ሳህን ሙሉ ቡና ቀላ ይዘው መጡ። አንዷን ፍሬ መርጠው እፊታችን ቀጭ አደረጓት። ዶክተር ሌንሳ ዓይኗን ጨፈነች። አዴ ጫልቱ አፋቸውን በሰፊው ከፈቱልን። መንጋጋዋም ሙሌቷም በቦታቸው አሉ።

አንድ አፍ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ፈተናችንን ግን ለወጥን። ሙሌት የሚፈተነው አፍ በሚሠራው ሥራ ነው።

እርስዎም ጥርስዎን ሊያስሞሉ ሲመጡ የሚበሉትን በስሙ ይንገሩን። ቡናውን ቅቤ ነው አይበሉን።