የጥጥ ካምፑን ቦይ ያስዞርኩ ጊዜ

ከመንደራችን በላይ ያለ አንድ ማደሪያ ቤት የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ለቀቀ ተብሎ የልጅ ልጆቼ ሲናደዱ ሰነበቱ። ትናንት፣ «እማማ፣ እርስዎ የካምፑን ቦይ እንዴት እንዳስዞሩ ይንገሩን» አሉኝ። እኔም ወሬ አልጠላ።

ጥር ነበር። ከሽንፋ ወንዝ ወዲያ፣ ቆላ፣ ለጥጥ ለቀማ ወርደናል። ታላቅ እህቴ ዘነቡ ትለቅማለች፤ እኔ ለወጥ ቤቱ ውሃ እቀዳለሁ። በዚያ ወራት ወንዙ ስለሚደርቅ አሸዋውን በእጃችን ጭረን፣ ውሃው እስኪጠል ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። በዚያ ሐሩር ከማር ይጥም ነበር።

ከጉድጓዳችን ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ የካምፑ የሽንት ቤት ፍሳሽና እጣቢ በቦይ መጥቶ አሸዋው ውስጥ ይሰርጋል። ሦስት ሰው በተቅማጥ ወደቀ፤ አራተኛዋ ዘነቡ ሆነች። ዓይኗ ጎድጉዶ ሳየው ወደ ለቃሚዎቹ አለቃ፣ ወደ ካቦው ሄድኩ።

«አያ ይርጋ፣ ቦዩን ያዙሩልን። እጣቢው የምንጠጣው ውስጥ ይገባል።»

«አሸዋ ያጣራዋል። አያቶችሽም እንዲሁ ጠጥተው ነው ያረጁ።»

«አያቶቼ ከላያቸው የመቶ ሰው ሽንት ቤት አልነበረባቸውም።»

አሸዋ ያጣራል የማይል ሰው አልነበረም። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ሲያጥቡ የሚያደምቁበት ሰማያዊ ዱቄት ነበራቸው፤ ግማሹን ለምኜ ቦዩ ውስጥ በተንኩት። «ነገ ጉድጓዱ ሰማያዊ ካልሆነ ዝም እላለሁ» አልኩ። ካቦው ሳቁ። «ከሆነ እኔው ራሴ እቆፍራለሁ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰው ሁሉ ከቦ ቆመ። በቅል ብቀዳው ሰማያዊ።

«አያ ይርጋ፣ አካፋው ያውልዎት» አሉ እትዬ ብርቄ።

ካቦው ቃላቸውን አላጠፉም። ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ ከሰዎቹ ጋር ቦዩን ከወንዙ አርቀው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አስገቡት። እኛም ወደ ላይ ወጥተን አዲስ ውሃ ጫርን። ከዚያ ወዲህ የታመመ የለም፤ ዘነቡም በሳምንቷ ተነሥታ ሽሮ አማረኝ አለች። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ካምፕ ሙሉ ሰው አዳንኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ። ዛሬም እኮራለሁ።

ልጆቹ ነገ ባለ ማደሪያ ቤቱን ሊያናግሩ ነው፤ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ግን አልደበቅኳቸውም። ከብዙ ዓመት በኋላ እትዬ ብርቄን ልጠይቃቸው ገንዳ ውሃ ከተማ ወርጄ፣ ያን ቀን አንሥተን ስንስቅ እንዲህ አሉኝ፦

«ያንቺ ሰማያዊማ አሸዋው ውስጥ ቀርቶ ነበር፣ ልጄ። ጎህ ሲቀድ ባየው ውሃው ጥርት ብሏል። የቀረኝን ዱቄት ጉድጓዱ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዘነቡ እስክትሞት አሸዋ ልጠብቅ?»