ሩሯን የተነፈጉት አውራ መቺ

ታኅሣሥ 29 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ፣ የአጥቢያችን የገና ጨዋታ አውራ መቺ ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ተሰበረ። የሰበራቸው የገዛ ወገናቸው ዱላ ነው። ዱላውን የያዘው ያሳደጉት የእኅታቸው ልጅ ነበር።

እኔ በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ጋዜጣ ቤት ተቀጥሬ፣ ለበዓሉ ወደ አገር ቤት ገብቼ ነበር። አልተጫወትሁም፤ ከሜዳው ዳር ቆሜ አየሁ። ያላየሁትን ነገሩ ሳይበርድ ጠይቄያለሁ። የጠየቅኋቸው ሰዎች ባልተስማሙበት አለመስማማታቸውን እጽፋለሁ።

ሰውየው ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ገበሬ ነበሩ፤ አገሬው ሁሉ «አያ» ይላቸዋል። ሩር የምንላት ከእንጨት የተጠረበች ኳስ ናት። ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ እየተመታች ወደ ተጋጣሚው ወሰን ትነዳለች፤ ወሰኑን ያሳለፈ ያገባል። አያ በጉልምስናቸው አንዴ ሲመቷት ከሜዳው አጋማሽ ተነሥታ ወሰን ታልፍ ነበር። በዚህ ምክንያት አውራ መቺ ሆነው ኖሩ። ጨዋታውን በመጀመሪያው ምት የሚከፍት አውራ መቺው ነው፤ የቀረው ወገን ሥራ ሩሯን ለእሱ ማድረስ ነው።

ክብሩ በበዓሉ ቀን አያበቃም። ሠርግ ቤት ከፍ ካለው መደብ ያስቀምጧቸዋል። የድንበር ጠብ ሲነሣ ለሽምግልና ይጠሯቸዋል። ደምበጫ ገበያ እህል ይዘው ሲወርዱ መልካቸውን የማያውቅ ሰው ሳይቀር መንገድ ይለቅላቸዋል። መሬታቸው ጠባብ ነበር፤ ማዕረግም ሆነ ብዙ ዘመድ የላቸውም። ሰው የሚያከብረው ያችን ምት ነበር። ምቷ ከሄደች ምን እንደሚቀራቸው እሳቸውም እኛም እናውቅ ነበር።

ሁለት ገና በተከታታይ ተሸነፍን። በሁለተኛው ሩሯ ከእግራቸው ፊት ቆማ ሳለ አያ ዱላቸውን አንሥተው አፈሩን መቱ። ማዶዎች፣ ከፈጣም ወንዝ ወዲያ ያለው አጥቢያ ሰዎች፣ ሳይመሽ ግጥም አወጡላቸው፦

የማዶ አውራ መቺ ምን ነካው ዓይኑን፣
ሩሯን እየተወ መታው ጥላውን።

ለእነሱ ማዶ ማለት እኛ ነን። ግጥሙ ዓመቱን ሙሉ ከቡሬ ገበያ አልጠፋም። ቆይቶ የራሳችን ሰዎችም ይሉት ጀመር፤ በመጀመሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በኋላ ግን ሳይደብቁ።

ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተጫዋቾቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ተሰበሰቡ። አያ አልተጠሩም። ወገኑን የሚያደራጁት የቅኔ መምህር የሆኑ መሪጌታ ነበሩ። በአገራችን ታላቅን ሰው ፊት ለፊት «በቃዎ» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ያረጀ መቺ አይነገረውም፤ ሩሯን ይነፍጉታል። ባዶ ቦታ ቆሞ ቢጠራም እያዩት ለሌላ ይመታሉ። ነገሩ ሲገባው «ደከመኝ» ብሎ በራሱ አፍ ይወጣል፤ ዳር ተቀምጦ ጠላ ይጠጣል፤ ማንም አላባረረውም።

ከአያ በፊት የነበሩት አውራ መቺም እንዲሁ ነው የተሸኙት። ያን ጊዜ ሩሯን የነፈጉት አያ ነበሩ። ሽማግሌው ብዙ ሳይሮጡ ገብቷቸው እንደ ተቀመጡ አያ እየሳቁ ሲያወሩ እኔም ሰምቻለሁ።

መሪጌታ በዚያ እሑድ ብዙ አልተናገሩም። ያረጀ በሬ በጅራፍ አይባረርም፣ ቀንበሩን ማራቅ ይበቃል አሉ። በአውራ መቺነት የሚተካቸው የአያ የእኅት ልጅ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ዱላ አያያዝ ያስተማሩት አያ ናቸው። አንዱ ቀልደኛ፣ አጎቱን ሲነፍግ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደ ሆነ ጠየቀው። ልጁ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት የሆነው ጎልማሳ ነው፤ እሱ የሚያየው ሩሯን ብቻ እንደ ሆነ መለሰ። ሳቁ። ማንም «ተው» አላለም።

የገና ዕለት አያ ጨዋታውን ከፈቱ። ምቷ ደኅና ነበረች። ከዚያ በኋላ ሩሯ ወደ እሳቸው አልመጣችም።

መጀመሪያ ማዶዎች አጥብቀው የያዟቸው መሰላቸው። ወደ ግራ ሄዱ፣ ወደ ቀኝ ተመለሱ፣ ዱላቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ። የሚጠብቃቸው የማዶ ተጫዋች ነገሩን ከሳቸው ቀድሞ ተረዳውና ትቷቸው ሄደ። ሲሄድ ዞር ብሎ «አያ፣ እንግዲህ ፀሐይ ይሙቁ» አላቸው። ከዳር ያለው ሰው ሳቀ። መሪጌታ ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር በርጩማ አስቀምጠው፣ ጠላ በዋንጫ አስቀድተው ይጠብቁ ነበር። አያ በርጩማውን አዩት፤ ባዶ መሆኑንም አዩ። አልወጡም።

ሩሯ ከሜዳው ውጭ ወጥታ ጨዋታው ቆም ባለበት ጊዜ ወደ እኅታቸው ልጅ ተጠጉ። እኔ ከቆምሁበት ቅርብ ስለነበሩ ንግግራቸውን ሰምቻለሁ።

«ባዶ ቦታ ቆሜ አላየኸኝም?»

«አየሁዎ፣ አጎቴ።»

አያ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሩሯ ተመልሳ ገብታ ልጁ ዘንድ ስትደርስ ግን አያ ከጎን ሮጠው ገቡና ከገዛ ወገናቸው ሊነጥቁ ጎንበስ ብለው ዱላቸውን ሰደዱ። ልጁ በዚያው ቅጽበት ሰነዘረ። የአጥንቱ ድምፅ ከዳር ተሰማ።

ልጁን ማታውኑ ጠየቅሁት። «ሩሯን ነው የመታሁ» አለኝ። አጠገባቸው የነበሩትን ሁለት ተጫዋቾች ለየብቻ ጠየቅሁ። አንደኛው፣ ልጁ አጎቱን አይቶ ዱላውን መለስ ሊያደርግ ይችል ነበር አለ። ሁለተኛው አይችልም ነበር አለ። እኔ ከነበርሁበት ጀርባቸው ብቻ ይታይ ነበርና ለመፍረድ አልችልም።

በገና ዕለት በዱላ የተመታ አይከስም፣ ካሳም አይጠይቅም። አያ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው ወደ መሪጌታ ተመለከቱ። መሪጌታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ያውቁታል መቸም» አሏቸው። አያ ያውቁታል። ሁለት ሰዎች ደግፈው ወስደው በርጩማው ላይ አስቀመጧቸው። ዋንጫውን አቀረቡላቸው፤ በግራ እጃቸው ለመያዝ ሞክረው ጠላው ልብሳቸው ላይ ፈሰሰ።

ጨዋታው ቀጠለ። ሳይመሽ የእኅታቸው ልጅ ሩሯን ከሩቅ መትቶ ወሰን አሳለፋት፤ አሸነፍን። ልጁን በትከሻቸው ተሸክመው ሲዞሩ በዋርካው በኩል አለፉ። አሸናፊ ተሸናፊን መስደብ የበዓሉ ወግ ስለሆነ የማዶዎችን አውራ መቺ ይሰድቡ ነበር። ዋርካው አጠገብ ሲደርሱ ግን ከመካከላቸው አንዱ የዓይኑንና የጥላውን ግጥም አነሣ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ልጁ ከትከሻ ላይ ሆኖ አብሮ ሲዘፍን አላየሁም። ሲያስቆማቸውም አላየሁም።

ከቡሬ በታች ያሉ፣ አገውኛም አማርኛም የሚናገሩ ወጌሻ እጁን አሰሩት። ይህ እጅ ዕርፍ ይይዝ ይሆናል፣ ዱላውን ግን ይርሱት አሏቸው። በማግስቱ እጁ አብጦ ጣቶቻቸው ስለ ጠቆሩ በርበሬ በጫነ መኪና ላይ አሳፍረን ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ወሰድናቸው። ባለቤታቸውና እኔ አብረን ነበርን። ግማሽ መንገድ ስንደርስ አያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን አሳለፋት?»

የእኅታቸው ልጅ መሆኑን ነገርኋቸው።

«ከየት ሆኖ መታት?»

«ከአጋማሹ።»

ባለቤታቸው እንዲያርፉ ነገሯቸው። እሳቸው «ለከርሞ ይድናል» አሉ፤ ለማን እንደ መለሱ አላወቅሁም።

ሐኪሙ ጣቶቹን አተረፈ። አንጓው ግን እንደ ጠመመ ደረቀ። በዚያ ዓመት እርሻውን በየጊዜው ያረሰላቸው የእኅታቸው ልጅ ነበር፤ ይህን ባለቤታቸውም ጎረቤቶቹም አረጋግጠውልኛል። ሠርግ ሲጠሩ የተቀመጡት ከበሩ አጠገብ ነበር። ለሽምግልና የጠራቸው የለም።

የከርሞውን ገና ሥራ ይዞኝ አላየሁም። የነገሩኝ መሪጌታ፣ ባለቤታቸውና አንድ የማዶ ተጫዋች ናቸው፤ ሦስቱም ቃላቸው አንድ ነው። አያ ዱላቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ወደ ሜዳው መጡ። ጨዋታውን የእኅታቸው ልጅ ከፈተ። ከኛ ወገን ቦታ ያሳያቸው አልነበረም፤ ይሂዱ ያላቸውም የለም። ከማዶዎች አንዱ ለሳቅ ብሎ፣ «አያ፣ ወዲህ ይሻገሩ፤ እኛ ዘንድ ሰው ጎድሏል» አላቸው። ተሻገሩ። እስኪመሽ ድረስ በማዶዎች ወሰን ላይ ቆሙ። ሩሯ በቆሙበት በኩል ሁለት ጊዜ መጣች፤ ሁለቱንም ጊዜ የመታት የእኅታቸው ልጅ ነው። ሁለቱንም ጊዜ አልፋቸው ሄደች። ያሸነፈው የኛ አጥቢያ ነው።