ሳይክሌ የተበየደችበት በጋ

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት፣ ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ የጎረቤት በር ሲበየድ ሰምቼ፣ የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሳላስቀምጥ መስኮቱ ሥር ቀረሁ። ድምፁ ቀይ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደሚያሰማው ያለ፣ የማይቆራረጥና የማይጮኽ፣ እኩል የሚንቸሰቸስ ነበር፤ እንዲህ የሚሰማው የማሽኑ ልክ በደንብ ሲስተካከል ብቻ መሆኑን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። በያጁን አላየሁትም። ሥራውን እንደሚያውቅ ግን ከድምፁ ተረድቼ፣ ደስ እያለኝ፣ ጁባ ውስጥ ልጅነቴ ወዳለፈበት ሰፈር በሐሳብ ተመለስኩ።

እናቴና አባቴ ደቡብ ሱዳናውያን ቢሆኑም ሁለቱም በስደት ያደጉት ኢትዮጵያ ነው፤ ጋምቤላ ተዋውቀው፣ አዲስ አበባ ተጋብተው፣ እኔን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስለዚህ ካቶር በሚባለው የጁባ ሰፈር በነበረው ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ ደጅ ስንወጣ ደግሞ እንደማንኛውም የጁባ ሰው ዐረብኛውን እንቀላቅልበት ነበር። አባቴ ኦሞድ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከኡጋንዳ ዱቄትና ሲሚንቶ እየጫነ ካስተም በሚባለው የጁባ ገበያ ያራግፍ ነበር። እናቴ በያጅ ነበረች። አዲስ አበባ ሙያውን ተምራ፣ ካስተም ውስጥ ከመኪኖቹ መቆሚያ ጎን በቆርቆሮ የታጠረች ቦታ ተከራይታ፣ በርና መስኮት፣ የአልጋ ብረትና የተሰበረ ሻንሲ ትበይድ ነበር። መጀመሪያ ሾፌሮቹ ሴት በያጅ አይተው ስለማያውቁ ቆመው ያዩዋት ነበር አሉ፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን «ማማ አሪየት የለችም?» ብለው ተመልሰው የሚሄዱ እንጂ ሌላ በያጅ የሚፈልጉ አልነበሩም። አሪየት እኔ ነኝ፤ እዚያ እናትን በልጇ ስም ነው የሚጠሯት።

ገና ሕፃን ሳለሁ ታምሜ ግራ እግሬ ሰልሎ ቀርቷል። በበጋ በክራንች ሰፈሩን አካልል ነበር፤ ዝናቡ ሲገባ ግን የካቶር መንገድ ጭቃ ይሆንና ክራንቼ እየሰጠመ፣ ለመንቀል ስታገል እኔው እየወደቅሁ፣ ደብተሬ ሁሉ ቀይ አፈር ይለብስ ነበር። አባቴ ከጉዞ ሲመለስ በትከሻው ተሸክሞኝ ይሄዳል፣ እሱ በሌለበት ደግሞ እናቴ በጀርባዋ አዝላኝ ትምህርት ቤት በር ላይ ታወርደኝና ወደ ሥራዋ ትሮጥ ነበር። እያደግሁ ስሄድ አፈርኩ። ልጆቹ ታዝላ መጣች እንዳይሉኝ፣ በሩ ጋ ስንደርስ ያመመኝ ለመምሰል ዐይኔን ጨፍኜ አንገቷ ላይ እደፋ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሌላ ጣጣ መጣ። ክፍል ሳልፍ የምገባበት ትምህርት ቤት ከካቶር ወዲያኛው ጫፍ ነበር፣ ከድሮው በጣም ይርቃል። አንድ ምሽት እራት በልተን ገና እጃችንን ሳንታጠብ አባቴ ሲያሰላስለው የቆየውን ነገር አወጣ።

«እህቴ አቻላ ትቀበላታለች። ኡጋንዳ ትምህርት ቤቱ ከቤቷ አጥር ጋር ነው፤ በክራንቿ ትሄዳለች።»

እናቴ ሳህኖቹን መሰብሰቧን አቋረጠች። «ልጄን ልትልካት ነው?»

«እስከ መቼ ታዝያታለሽ? እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ልጅቷም እያደገች ነው።»

«የሰው አልጋ ስበይድ፣ የሰው መኪና ስቀጥል እየዋልኩ፣ ለገዛ ልጄ መሄጃ አጣሁላት ብዬ ልሸኛት?»

«አንቺ ሴት፣ እልህ እኮ እግር አይሆንም።»

«እልህ አይደለም፤ ብረት ነው» አለችው። «በእጇ እየዘወረች የምትሄድበት ሳይክል እሠራላታለሁ። ትምህርት እስኪከፈት ካላደረስኩ ያልከው ይሁን።»

አባቴ እኔን አየኝ። ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን አክስቴን በፎቶ ብቻ እንደማውቃት፣ ቤቷ ውስጥ በየት በኩል እንደሚተኛ እንኳ እንደማላውቅ እያሰብኩ ያቺን ሌሊት ልብሴን አቅፌ አደርኩ።

ዝናቡ አብቅቶ ሣሩ ሲደርቅ እናቴ ሥራውን ጀመረች። የመጀመሪያዋን ባለሦስት ጎማ ሳይክል የሠራቻት ከወፍራም የውኃ ቧንቧ ነበር። ጠንካራ ነበረች፣ ግን ክብደቷ ለጉድ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ደረቴ ፊት ያለውን የእጅ ፔዳል ለማዞር ብታገል ከአጥሩ በር እንኳ ሳልደርስ ክንዴ ዛለ። ሁለተኛዋን ከስስ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት ከሆነ ቀላል ብረት፣ ልትሠራት ሞከረች፤ ያኛው ደግሞ ገና የብየዳው ዘንግ ሲነካው ይቀልጥና ቀዳዳ ይሆናል። አሮጌው ማሽኗ ለወፍራም ብረት እንጂ ለእንዲህ ያለ ስስ ነገር የሚሆን አልነበረም። ብረቱን መሬት ላይ ወርውራ ተቀመጠች፤ ከዚያ ለአባቴ ደወለችና በሽቦ የሚበይድ ማሽን ካምፓላ እንዲፈልግላት ነገረችው።

አባቴ ከእሷ ጋር ባይስማማም ሰበብ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። የገና በዓል ሊደርስ ሲል ያገለገለ ማሽን በገዛ ብርድ ልብሱ ጠቅልሎ፣ ከኋላ ከሲሚንቶው ጋር ሳይሆን ከፊት አጠገቡ አስቀምጦ አመጣው። «ሦስት ዓይነት ብየዳ በአንድ ሆድ ነው ያሉኝ» አለ ሲያወርደው። «እንግዲህ ሞክሪ።»

ማሽኑ ፊት ለፊት ቀይ ቁጥር የሚያበሩ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች፣ በሥራቸው ሁለት ትልልቅ ማዞሪያዎች፣ በመካከል ደግሞ አንዲት ትንሽ ማዞሪያ ነበሩት። ከላይ ያለችው መምረጫ በዘንግ፣ በሽቦ ወይም በቀጭን መርፌ መበየድን ታስመርጣለች። እናቴ መምረጫዋን ሽቦው ላይ አድርጋ፣ የግራው ማዞሪያ ሙቀቱን፣ የቀኙ ሽቦው የሚወጣበትን ፍጥነት እንደሚቆጣጠር፣ የመካከሏ ትንሿም ብልጭታውን እንደምታለሰልስ ወይም እንደምታጠነክር አሳየችኝ። ጭንብሏን ስታጠልቅ ከብረቱ በስተቀር ምንም ስለማይታያት ማዞሪያዎቹን እኔ እንድይዝ ወሰነች። በእኔና በብልጭታው መካከል ላሜራ አቁማ፣ ፊቴን ወደ ማሽኑ አስዞረችኝ። እኔ የሚታየኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር፣ የቀረውን በጆሮዬ ነበር የምከታተለው።

«ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ እንዳትነኪ» አለችኝ። «አንዱን ንኪ፣ አድምጪ፣ ከዚያ ሌላውን።»

የመጀመሪያው ቀን መዓት ነበር። ሽቦው ፈንዲሻ እንደሚፈነዳ እየተንጣጣ፣ የብረት ፍንጣሪ በየአቅጣጫው እየረጨ፣ ቱቦላሬው ላይ ጉብታ ብቻ ይተው ነበር። «ቀንሺ!» ስትል እቀንሳለሁ፣ «ጨምሪ!» ስትል እጨምራለሁ፤ ድምፁ ግን አልገራ አለ። የአጎራባች ሱቅ ሰዎች መጥተው ማሽኑ የተበላሸ ነው፣ መልሱት አሉ። እናቴ ጭንብሏን ወደ ላይ ገፍታ፣ ላቧን በክንዷ ጠርጋ፣ ከማሽኑ የወጣውን ሽቦ በጣቶቿ ይዛ መረመረችው።

«ይሄ ሽቦ ጋዝ የሚፈልገው አይደለም፣ ጋዙን የሚተካው ዱቄት በሆዱ ነው ያለው» አለች ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ማሽኑን የሸጠው ሰው ግን በጋዝ ነበር የሚሠራበት።» ለማሽኑ መብራት የሚሰጠውን ጀነሬተር አስጠፋችና የማሽኑን የጎን ክዳን ከፈተች። በፖዘቲቩ በኩል የታሰረውን የሽቦውን ገመድ ፈትታ ወደ ኔጌቲቩ አዞረችው፣ የሌላውንም እንዲሁ ለወጠችው። ጀነሬተሩ ተነሣ። ሽቦው ብረቱን ሲነካ ያ ሁሉ መንጣጣት ቀርቶ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ እንደሚሰማው ያለ ለስላሳ ድምፅ ሆነ። መልሱት ያሉት ሰዎች ሳቁ። አንዱ ጥሩ ነው ለማለት «ኩዌስ! ኩዌስ!» እያለ አጨበጨበ። እናቴ ከጭንብሉ ሥር «አየሽ፣ ገመዱን ብቻ ነው የነካሁት» አለችኝ፤ እንደ ጓደኛዋ ስላናገረችኝ ኩራቱ ከቦታዬ ሊያነሣኝ ምንም አልቀረው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሮጠ። ቱቦላሬው እንዳይቀደድ ሙቀቱን ዝቅ አድርገን፣ ሽቦውም ቀስ እንዲል አድርገን፣ ጥር ሳያልቅ ሳይክሏ ሳይክል ሆነች፤ ብየዳውም ከላይ ሲታይ እንደ ሹሩባ የተደረደረ፣ የሚያምር ነበር። አባቴ ከጉዞ ሲመለስ እጁን በየመጋጠሚያው ላይ እያስኬደ አደነቀ። ሆኖም ሾፌር ነውና ብረትን በመልኩ አያምንም።

«እኔን ከቻለች እሷን መሸከም አያቅታትም» ብሎ ወንበሯ ላይ ተቀመጠና አንዴ ነጠር አለ።

ጧ! የፊተኛው ጎማ የተያዘበት መጋጠሚያ ተገንጥሎ አባቴ በአፍጢሙ ተደፋ። ማንም አልሳቀም። ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ፣ የተሰበረውን ብረት አነሣ፣ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ኻላስ» አለ፤ አበቃ ማለቱ ነው። «መንገድ ላይ ሆኖ ቢሆንስ? ጭነት መኪና ፊት? ነገ ለአቻላ እደውላለሁ።»

ወጥቶ ሲሄድ ላለቅስ ነበር። እናቴ ግን ወደኔም ወደሱም አላየችም፣ የተገነጠለውን መጋጠሚያ አንሥታ በመጋዝ ለሁለት ከፈለችው። «ነይ እዪ» አለችኝ። ብየዳው ቀዝቃዛ ዳቦ ላይ እንደተቀመጠ ቅቤ ከላይ ተጋድሟል እንጂ ብረቱ ውስጥ አልገባም ነበር።

«ፈርተን ነው» አለች። «እንዳይቀደድ ስንሳሳለት ሙቀት ነፈግነው። አሁን አንፈራም።»

በማግስቱ ቁርጥራጭ ቱቦላሬ ከመረች። ግራውን ማዞሪያ ጥቂት ጥቂት እያስጨመረችኝ አንድ ቁራጭ ትበይዳለች፣ ትከፍለዋለች፣ ውስጡን ታያለች፤ ከዚያ ግራውን ተይና ቀኙን ትለኛለች። አንዳንዱ ተቀደደ፣ አንዳንዱ ቅቤውን ደገመ። ከሰዓት በኋላ፣ ትንሿን የመካከል ማዞሪያ ፀጉር ታህል ወደ ማለስለሻው ሳዞራት፣ ያ የሽንኩርትና የዘይት ድምፅ በቆርቆሮው ውስጥ ሞላ። ማንም ሳያዘኝ እጄን አነሣሁ። እናቴም እስከ መስመሩ ጫፍ ሳታቋርጥ ሄደችና ጭንብሏን ስትገልጥ «ለምን አቆምሽ?» አለችኝ።

«ይሄ ነው፣ እማ።»

ቁራጩን ከፈለችው። ብየዳው ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል፣ የቱ ከየት እንደሚጀምር አይለይም። ቁጥሮቹን ማሽኑ ላይ በጠመኔ ጻፈችና ሳይክሏን መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ፈትታ እንደገና በየደቻት።

አባቴ ተጠርቶ መጣ። አልተቀመጠም፣ በሁለት እግሩ ወንበሩ ላይ ወጣና ዘለለ። እንደገና ዘለለ። ከዚያ ሁለት ሾፌር ጓደኞቹን ጠርቶ አብረውት እንዲንጠለጠሉባት አደረገ፤ ሳይክሏ ጎማዋ ተጨፈለቀ እንጂ ብረቷ ንቅንቅ አላለም። ወረደና እናቴን ጨበጣት፣ እንደ ወንድ ባልደረባው፣ ከነጓንቷ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ያን ጊዜ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ? መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ወደ ትምህርት ቤት» አልኩት።

ለአክስቴ እዚያው ቆሞ ደወለላትና «አትመጣም፤ ምክንያቱን ስትመጪ ታይዋለሽ» አላት።

ትምህርት ሲከፈት በካቶር መንገድ ላይ እጄን እያሽከረከርኩ ሄድኩ። አቧራው ዐይኔ ውስጥ እየገባ፣ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲዎች እየጮኹብኝ፣ ክንዴ እየነደደ ደረስኩ። ልጆቹ ከበቡኝ፤ ታዝላ መጣች ያለ አልነበረም፣ ሁሉም ወረፋ የያዘው ለመንዳት ነበር። ዝናቡ ሲመለስም ሳይክሏ ጭቃው ውስጥ አንዳንዴ ትያዝ ነበር፣ ግን ያኔ የሚገፋ ጓደኛ አላጣሁም፣ ለገፋኝም ሁሉ በደረቁ መንገድ አንድ ዙር አስነዳው ነበር። ብየዳዋ አንድም ቀን አልተሰነጠቀ። አድጌ ስትጠበኝ እናቴ አንድ ክንድ ያህል ቀጠለችባት፣ በኋላም ሳይክሏ ለሌላ የሰፈራችን ልጅ ተሰጠች።

አሁን እናቴ ያላት ማሽን የብረቱን ውፍረት ብቻ ከነገሩት ሌላውን ራሱ የሚመርጥ ነው። እሷ ግን ማሽኑ የመረጠውን ትሰማና ጥቂት ታሻሽለዋለች። አባቴ መኪና መንዳት ትቶ ከጎኗ ብረት ይቆርጣል፤ የሚከራከሩበት ነገር ደግሞ አላነሳቸውም።

እኔ መምህርት ሆንኩ። ካቶር ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ቆይቼ፣ አምና ካምፓላ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሥራ ሲሰጠኝ ለጥቂት ቀናት ለብቻዬ አሰብኩበትና እሄዳለሁ አልኳቸው። አባቴ መንገዱን ያውቀዋልና የት የት እንደማርፍ መቁጠር ጀመረ። እናቴ የጠየቀችኝ «ትምህርት ቤቱ ደረጃ አለው?» ብላ ብቻ ነበር። አለው፣ ግን ጎኑ በኩል መወጣጫ ሠርተውለታል አልኳት። «በደንብ የተበየደ ነው?» አለችና ሳቀች። ያኔ በልጅነቴ ድንበሩን ብሻገር ኖሮ ተልኬ ነበር የምሻገረው። ይኸው አሁን ያንኑ መንገድ ይዤ፣ ያችኑ ኡጋንዳ መጣሁ፤ ስመጣ ግን የላከኝ ሰው የለም።