ሳይጠየቅ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም

እህቴ አዘዞ ላይ የጽሕፈት ሱቅ አላት፤ የምትጽፍበትን ፕሮግራም የሠራሁላት እኔ ነኝ። ስሠራው አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ፦ የተጻፈውን በየደቂቃው ራሱ ያስቀምጥ ወይስ «አስቀምጥ» እስኪባል ይጠብቅ? እሷን ጠየቅኋት።

«ይኸ ምን ያጠያይቃል? መብራት እልም ባለ ቁጥር ሥራዬ ሁሉ ገደል ይገባል። ራሱ ያስቀምጥ እንጂ!» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁት።

ለአባታችን ሙት ዓመት፣ በቀብሩ ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪኩን ላሳትም ሄድሁ። በስሙ የተቀመጠውን ፋይል ብንከፍተው የትውልድ ቦታው ትክል ድንጋይ ይላል። አባታችን የተወለደው ፀዳ ነው። የተዘረዘሩት ልጆችም እኛ አይደለንም።

እህቴ ወዲያው ገባት። ወንድሙ የሞተበት ሰው ለቀብር ሲያስቸኩላት የአባታችንን ፋይል ከፍታ፣ ስሙንም ታሪኩንም በሟቹ ቀይራ አትማለታለች። የጽሕፈት ሱቅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አስቀምጥ ካላሉት የድሮው አይነካም።

«ምነው፣ እኔ አስቀምጥ አላልሁት!» ብላ ጮኸችብኝ።

የድሮውን የሚመልስ ነገር አልሠራሁበትም። በቀብሩ ዕለት የተነበበው ወረቀት የት እንደገባ አይታወቅም፤ የአባታችንን ልጅነት ያጻፉን አጎታችንም አርፈዋል። ራሱ ማስቀመጡን ባስተወው መብራት በሄደ ቁጥር ታለቅስብኛለች፤ ብተወው ደግሞ ነገ የማን አባት ይጠፋ ይሆን? ይህን ሳብሰለስል መብራቱ ድርግም አለ።

ሲመለስ ፋይሉን ከፈትነው። አንዲት ፊደል አልጎደለችም። የማናውቀው ሰው ሕይወት፣ በአባታችን ስም፣ በደኅና ተቀምጦ ጠበቀን።